ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ወንዝ

ወንዝ እንደ አምፖል ሲበራና ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በአፓላቺያን ተራሮች መካከል ናንታሃላ የሚባል ወንዝ አለ። በማለዳ ብትሄዱ ድንጋዩ ሁሉ ተገልጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቆየት ብላችሁ ስትመለሱ ግን ወንዙ ሞልቶ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። ዝናብ አልዘነበም። ከላይ ያለው የኃይል ማመንጫ ተርባይኑን ስላስነሣ ነው።

ይህ ወንዝ ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ሰው ከሚቀዝፍባቸው ወንዞች አንዱ ነው፤ ካያክ ወይም በአየር የሚነፋ ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሰዎች በብዛት የሚሄዱት ወደዚህ ነው። ታዲያ አንድ ወንዝ «ለጀማሪ ይሆናል» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ስሙን የሰጡት ቼሮኪዎች ናቸው። ትርጉሙ «የእኩለ ቀን ፀሐይ ምድር» እንደ ማለት ነው፤ ሸለቆው ከመጥለቁ የተነሣ ፀሐይ እስከ ወለሉ የምትዘልቀው እኩለ ቀን ላይ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1838 የአሜሪካ ጦር አብዛኛውን የቼሮኪ ሕዝብ ከእነዚህ ተራሮች ነቅሎ ወደ ምዕራብ ነዳው። በየካምፑና በየመንገዱ በሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ከስደቱ ያመለጡት ሰዎች ዘሮች ዛሬም በአካባቢው ይኖራሉ።

የአሁኑን መልኩን የሰጠው ግን ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ለመሥራት አሉሚኒየም በገፍ ይፈለግ ነበር፤ አሉሚኒየም ማምረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ያውም እጅግ ብዙ። አልኮዋ በተባለው የአሉሚኒየም ድርጅት ሥር የነበረ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የናንታሃላን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1942 አጠናቀቀ። ከአፈርና ከድንጋይ የተሠራው ግድብ ቁመቱ 76 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ከሐይቁ ሲወጣ በጥንቱ አልጋው አይሄድም። በዋሻና በቧንቧ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ተርባይኑን ካሽከረከረ በኋላ ነው ወደ ወንዙ የሚመለሰው። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤ እዚያም ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር ፏፏቴው ይቀጥናል።

በነገራችን ላይ፣ አሉሚኒየም ወደ ወንዝ የመጣው በሌላም በር ነው። ግሩማን የተባለው የጦር አውሮፕላን ፋብሪካ ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የአሉሚኒየም ታንኳ ወደ መሥራት ገባ። የእንጨትና የሸራ ታንኳ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰበራል፣ ይቀደዳል። ይሄኛው ግን ይጨረማመታል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ በመዶሻ ይቃናና በማግሥቱ እንደገና ይቀዘፍበታል። ተራ ሰው ድንጋያማ ወንዝን ለመድፈር ጥሩ ምክንያት አገኘ።

ድፍረቱ ግን ዋጋ አስከፈለ። ከናንታሃላ ብዙም ሳይርቅ፣ በጆርጂያና በደቡብ ካሮላይና ድንበር ላይ ቻቱጋ የሚባል ወንዝ አለ። «ዴሊቨራንስ» የተሰኘው ፊልም በአብዛኛው የተቀረጸው እዚያ ነው። ታሪኩ በታንኳ ጉዞ የወጡ አራት የከተማ ሰዎች የሚደርስባቸው መዓት ነው፤ በደንብ ካሰባችሁት ሰውን ከወንዝ የሚያስሮጥ ፊልም ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልሙ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው፣ አንዳንዱ መቅዘፊያ ጨብጦ የማያውቅ፣ ወደ ቻቱጋ ጎረፈ። ሄልሜት የለ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት የለ፣ በዚያ ላይ ቢራ። በተከታዮቹ ዓመታት ብዙዎች ሰጥመው ሞቱ።

ለምን ሰጠሙ? ዋና ስለማይችሉ ብቻ አይምሰላችሁ። የሚፈስ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሰውነት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የወደቀ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው ቆሞ መራመድን ነው። እግሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ከኋላ ገፍቶ በፊቱ ይደፋዋል፤ ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንኳን መነሣት ያቅተዋል። ለዚህ ነው ዛሬ ጀማሪ ሁሉ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር የሚነገረው፦ ከወደቃችሁ አትቁሙ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዘርጉ።

በዚያው በ1972 ፔይሰን ኬኔዲና ባለቤቱ አውሬሊያ ከሌሎች ጋር ሆነው በናንታሃላ ዳር ናንታሃላ አውትዶር ሴንተርን ከፈቱ። የሚገርመው፣ ኬኔዲ በ«ዴሊቨራንስ» ላይ በተዋናይ ቦታ ተተክተው ከቀዘፉት አንዱ ነበር። ሰዉን ወደ ወንዝ የሳበውን ፊልም ያገዘ ሰው፣ ሰዉን ወንዝ የሚያስተምር ቤት ከፈተ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ንግድም ነበር። ቢሆንም ተርባይኑ ውሃ የሚለቅበት ሰዓት መታወቁ ለአስተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የወንዙ መጠን ከቀን ቀን እምብዛም አይለዋወጥምና ያው ትምህርት በያው ቦታ ሊደገም ይችላል።

የወንዙ ቅርጽም ይረዳል። ቀዛፊዎች ወንዝን በክብደቱ ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል። ደረጃ 2 ላይ ማለፊያው ሰፊ ነው፣ ከጀልባው ላይ ሆናችሁም ይታያችኋል፤ ደረጃ 3 ላይ ግን ሞገዱ የተዘበራረቀ ነውና ጀልባውን በጠባብ ቦታ ማዞር ይጠይቃል። 5 እና 6 የእናንተም የእኔም አይደሉም። የናንታሃላ መቀዘፊያ ክፍል 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ደረጃ 2 ነው፤ ደረጃ 3 የሆነው የናንታሃላ ፏፏቴ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ልምምድ አለ። ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ ውሃው ወደ ኋላ የሚመለስበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ገብታችሁ ታርፋላችሁ፣ የሚቀጥለውን ታያላችሁ፣ ከዚያ ትወጣላችሁ።

አንድ ነገር ግን ማንንም ያታልላል፤ ቅዝቃዜው። የአሜሪካ ቀዛፊዎች መመዘኛ ራሱ፣ ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ወንዙን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩት ይላል። የናንታሃላ ውሃ ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለሚመጣ በበጋ ሙቀት እንኳን ወደዚያው የተጠጋ ነው። ሰውነት በድንገት ሲቀዘቅዝ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ጣት መቅዘፊያውን አልይዝም ይላል። ስለዚህ «ቀላል» የተባለው ወንዝ፣ ከወደቃችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ወንዝ ነው።

ቻቱጋ እ.ኤ.አ. በ1974 በፌዴራል ሕግ ከግድብ ተጠበቀ፤ በዚያው ዓመት የጆርጂያ ገዥ የነበሩት ጂሚ ካርተር በታንኳ ቀዝፈውበታል። ናንታሃላ ግን እስከ ዛሬ የተርባይኑ ነው። ከኃይል ማመንጫው በላይ ያለው ጥንታዊ አልጋው ለአሥርት ዓመታት አብዛኛውን ውሃውን አጥቶ ኖሯል። ከረጅም ድርድር በኋላ ከ2012 ጀምሮ በዓመት ለጥቂት ቀናት ውሃ ይለቀቅለታል። ይህኛው ክፍል ከታችኛው በጣም የከበደ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ጀማሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ።