በጣሳ የመጣ ዓሣ

ሚኤሶን የሚያውቅ ሰው ስለ ከብት ገበያዋ፣ ስለ ሙቀቷና ስለ ባቡሯ ባወራለት አይገርመውም፤ ስለ ዓሣ ልናገር ስነሣ ግን መሳቁ አይቀርም። በእኛ ቆላ ውኃ ራሱ እንግዳ ነው። የጨርጨር ደጋ ሲዘንብለት በጎርፍ ይመጣል፤ ኩሬ ይሞላል፣ ከብት ያጠጣል፣ ወባ ይቀሰቅሳል፤ በጋው ሲበረታ ደግሞ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ያም ሆኖ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ዓሣ ነው። በዚህ ጉዳይ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከአዋሽ ሲመለስ በወተት ጣሳ አምስት ትንንሽ ዓሦች በሕይወት ይዞልኝ መጣ። የሰፈሩን ልጆች አስከትዬ ከከተማዋ ዳር ካለች ኩሬ ወስጄ ደፋኋቸው። «ይራባሉ፤ ከዚያ በመንጠቆ እናወጣቸዋለን» ተባባልን። ጥር ሳያልቅ ኩሬዋ ደረቀች፤ እኔም አለቀስኩ። የዓሦቹን ስም የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን ነገር ረስቼው ኖሬ ያስታወሱኝ አንድ አዛውንት ናቸው። በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ቆመው፣ ኩሬ አስቆፍረው ዓሣ ለማርባት ብድር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «ምን ዓይነት ዓሣ ነው አባቴ?» አልኳቸው። «ቶሎ የሚያድገውን፣ ብዙ የሚወልደውን ነዋ ልጄ! ቁርጡሚ ያው ቁርጡሚ ነው» አሉኝ። መልሳቸው ወደ ቤት ተከተለኝ፤ ወደ መጻሕፍትም መራኝ። እርሳቸው ያሉትን ከእርሳቸው በፊት ብዙ ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ብለውት ኖሯል።

በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ሁለት እንግዳ ዓሦች ወደ ሀገራችን ገቡ። አንደኛው ካርፕ ነው። ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ በኩሬ ያረቡት፣ የአውሮፓ መነኮሳት በገዳማቸው ያደለቡት ወፍራም ዓሣ ከጣልያን መጥቶ አዲስ አበባ አጠገብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ተለቀቀ። ሁለተኛው ጋምቡሲያ የሚባል፣ ከጣት የማይረዝም፣ ትውልዱ ከአሜሪካ የሆነ ዓሣ ነው። የመጣው የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ለረሃብ፣ ሁለተኛው ለወባ ታሰቡ። በወባ ተኝቶ የሚያውቅ የሚኤሶ ልጅ በዚህ ሐሳብ ላይ ድንጋይ ለመወርወር እጁ አይነሣለትም።

ውኃ ግን የሰጡትን ይዞ አይቀመጥም። አባ ሳሙኤል በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ አቃቂ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ወደ ቆቃ ይወርዳል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ነበር። ታሪክ እንዲህ ያለ ምፀት ያውቃል፤ በወረራው ዘመን የመጣው ዓሣ በወረራው ካሣ የተሠራ ሰፊ ቤት አገኘ። ዛሬ ካርፕ በቆቃ ከሚጠመዱት ዋና ዋና ዓሦች አንዱ ነው። ቀድሞ ካርፕ ያልነበረበት ዝዋይም (ደምበል) ቢሆን ማንም ሳያቅድ እንግዳው ገብቶበት፣ የነባሩ የቆሮሶ ምርት ሲቀንስ የእርሱ ድርሻ ከፍ አለ።

ካርፕ ክፉ ሆኖ አይደለም። ምግቡን የሚፈልገው እንደ አሳማ የውኃውን ወለል እየቆፈረ ነው። ጭቃው ይነሣል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን አይዘልቅም፤ የውኃ ውስጥ ሣሩ ይነቀላል፤ በሣሩ ተጠልሎ የሚራባው ነባር ዓሣም መጠጊያ ያጣል። አንዲት ትልቅ እናት ካርፕ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አየሩ ባነሰ፣ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ እንኳ ችሎ ይኖራል። ለእርባታ ያስመረጡት ጠባዮች ሁሉ፣ ካመለጠ በኋላ የሚያስፈሩት እነዚያው ናቸው።

ባዕድ ለመባል ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። ቆሮሶ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለወሎው ሐይቅ፣ ለእስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤት ግን እንግዳ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከተጨመረበት በኋላ ሐይቁን ያጠኑ ሊቃውንት የውኃው ጥራት እንደቀነሰ መዝግበው፣ ለውጡን ከቆሮሶው መግባት ጋር አያይዘውታል። በባሌ ተራሮችም ከኬንያ የመጣ ትራውት ለመዝናኛ መንጠቆ ሲባል በቀዝቃዛ ወንዞች ተለቅቋል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጨመረው ናይል ፐርች ለፋብሪካና ለውጭ ንግድ ሲሳይ ሆነ፤ በሌላ ወገን ደግሞ በየትም የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ዝርያዎችን ለመጥፋት ዳረገ። ያው ናይል ፐርች በእኛ ባሮና ጫሞ የቤት ልጅ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተላምዶ ይኖራል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ከአንድ ዘር የተባዙ ልዩ ልዩ ዓሦች ነበሩ፤ ባዕድ ዓሦች ከገቡበት በኋላ ከሞላ ጎደል ጠፉ። የላናኦ ዘመዶች ካለፉ ወዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ የዓሣ ቤተሰብ በዓለም ላይ የቀረን ዋነኛ ምስክር ጣና ነው፤ ባሕር ዳር ላይ «ነጭ ዓሣ» ብለን ጠቅልለን የምንጠራቸው ከ15 በላይ ዝርያዎች ናቸው። ጣና ላይ ጣሳ የሚደፋ ሕፃን ምን እንደሚደፋ ያውቃል?

አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካርፕን በመንግሥት ወጪ፣ በባቡር እየጫኑ በየግዛቱ አከፋፍለው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ሲረግሙት ተገኙ። ይህን ሳነብ የአባቴ ጣሳ ትዝ አለችኝ።

ለወባውስ መፍትሔ አልነበረም? ነበር። አሰብ ገና በኢትዮጵያ ሥር ሳለች፣ በ1980 ዓ.ም. ግድም፣ የጤና ባለሙያዎች በዚያው ጠረፍ የሚኖር አፋንየስ የተባለ ነባር ትንሽ ዓሣ በጉድጓዶችና በውኃ ማጠራቀሚያዎች ጨምረው የትንኟን እጭ ቀንሰዋል። መድኃኒቱ ከደጃፍ ነበር፤ ስሙን የጠየቀው ሰው አገኘው።

አዛውንቱ በቀጠሯቸው ሲመለሱ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላቸውም። ግን ሦስት ነገር አልኳቸው። መጀመሪያ፣ በአዋሽ ተፋሰስ ነባር የሆነውን ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጫጩቱን ሲቀበሉ የጀርባውን ክንፍ ይዩ፤ በካርፕ ጀርባ ላይ ክንፉ ወደ ጅራቱ ረዝሞ ይዘረጋል፣ በአፉም ዳር አራት አጫጭር ጢም አለው። ሦስተኛ፣ ኩሬው ጎርፍ ከሚወጣበት ቦይ ይራቅ። ትንሽ ኩሬ ውስጥ የገባ እንግዳ በመረብ ተጠምዶ፣ ውኃውም በበጋ ተሟጥጦ ሊወገድ ይችላል፤ ወንዝ ከገባ በኋላ ግን የትኛውም አጥማጅ አይጨርሰውም።

«ታዲያ የዝዋይ ድሃ የሚበላውን ካርፕ ጣሉት ልትለው ነው?» አሉኝ። አልልም። የገባውን አጥምዶ መብላት ብልህነት ነው፤ የዝዋይ አጥማጅ ልጆቹን የሚያሳድግበትን መረብ ማንም አይነጥቀውም። የምለው ያልገባበትን እንጠብቅ ነው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ስሙን ጠይቄ እመጣለሁ» አሉና ወጡ። በልጅነቴ ከእኔም ከጓደኞቼም አፍ ያልወጣው ጥያቄ ይህ ነበር።

ጣሳዬን ደፍቼ ስስቅ በልጅነት፣
ድርቅ ዕዳዬን ሰርዞ ማረኝ በቸርነት፤
አዋሽ ግን መዝገብ ነው፣ ገጹ የማይሰረዝ፣
የተጻፈበትን ተሸክሞ የሚጓዝ።

ቸር እንሰንብት።