ከባልቲሞር እስከ ሪችመንድ፦ በውኃ መንገድ ያገኘናቸው የእድር እናቶች

ባለፈው መስከረም ከማህበራችን አሥራ አራት ሴቶች በትንሽ መርከብ ከባልቲሞር ተነስተን፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉትን የድሮ ከተሞች እየጎበኘን እስከ ኖርፎክ ወረድን። ከዚያ በመኪና ሪችመንድ ገባን። ጉዞው ሲታሰብ “የእድር ሴቶች ሽርሽር አማራቸው” ያሉን ነበሩ። እያንዳንዳችን የከፈልነው ከየኪሳችን ነው፤ ከማህበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አልወጣም። ስንመለስ ግን ለማህበሩ ይዘንለት የመጣነው ነገር አለ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ሳንስማማ የተለያየንበትን ጉዳይ ስለሚነካ እዚህ ጽፈነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረናል። ባሕረ ሰላጤውን የምናውቀው ግን በድልድዩ ላይ ስናልፍ ወይም የሥራ ባልደረቦቻችን ስለ ሸርጣን ሲያወሩ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከመቶ የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል። እንግሊዞች በ1607 ጄምስታውንን ሲቆረቁሩ አገሩ ጫካ ስለነበር ወንዙ ራሱ መንገድ ሆነ። ትንባሆ የሚያመርቱት ባለ ርስቶች ከእርሻቸው ጫፍ መርከብ ያስጠጉ ነበር። ከተሞቹም ያደጉት ትንባሆ በሚጫንበትና ከአፍሪካ የመጣ ሰው በሚራገፍበት ቦታ ነው። ወደቦቹ ጥልቀት ስለሌላቸው ትልልቅ መርከቦች አይገቡባቸውም። በትንሽ መርከብ የሄድነውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያረፍንባት አናፖሊስ ናት። ጆርጅ ዋሽንግተን ዲሴምበር 23 ቀን 1783 የጦር አዛዥነቱን ያስረከበበት ምክር ቤት ዛሬም በቦታው አለ። ከምክር ቤቱ ቁልቁል ጥቂት ደቂቃ ሲኬድ የከተማው ወደብ ይገኛል። በ1767 ሎርድ ሊጎኒየር የተባለ መርከብ ከጋምቢያ ወንዝ ሰዎች ጭኖ የደረሰው እዚህ ነው፤ መሸጣቸውም በከተማው ጋዜጣ በማስታወቂያ ተነግሯል። “ሩትስ” የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው አሌክስ ሄሊ አያት ቅድመ አያቶቹን ሲፈልግ የደረሰው እዚህ መርከብ ላይ ነው። ዛሬ ወደቡ ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ ለልጆች ሲያነብ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልቱ ተቀምጧል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ እዚያ ወደብ ላይ ከልጆቻችን ጋር አይስክሬም በልተናል። ሐውልቱን ቆመን ያየነው ግን ያን ቀን ገና ነው።

በማግስቱ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ተሻግረን ሴይንት ማይክልስ ደረስን። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1818 የተወለደው በዚሁ አውራጃ ነው። እሱ በዓለም የታወቀ ነውና ብዙ አንጽፍም። እኛን የያዘችን አያቱ ቤትሲ ቤይሊ ናት። የዓሣ መረብ ትሠራ ነበር፤ መረቧ በአካባቢው ከተሞች ሁሉ ተፈላጊ ነበር። ስኳር ድንች ስትተክል እጇ ይባረካል እየተባለ በተከላ ወቅት ጎረቤት ሁሉ ይጠራት እንደነበር የልጅ ልጇ ጽፏል። የሙያዋን ያህል መልካም ስም ነበራት፤ ነገር ግን ያሳደገቻቸውን የልጅ ልጆች ከእጇ እየወሰዱ ሲያከፋፍሉባት ማስቀረት አልቻለችም።

ካምብሪጅ የሐሪየት ተብማን አገር ናት። በ1822 አካባቢ እዚህ አውራጃ ተወልዳ፣ በ1849 ከባርነት አምልጣ፣ ወደ አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል እየተመለሰች ሰባ የሚሆኑ ሰዎችን አውጥታለች። ዲሴምበር 1850 የእህቷ ልጅ ኬዛያ ከሁለት ልጆቿ ጋር ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ለጨረታ ቀረበች። ባሏ ጆን ቦውሊ ነፃ ጥቁር ነበር፤ የመርከብ አናጢ ነው። ከተጫራቾቹ መካከል ቆሞ ዋጋ ጠራና ጨረታው ለእሱ ወጣለት፤ ገንዘቡ ግን አልነበረውም። አጫራቹ ከምሳ ተመልሶ ክፍያ ሲጠይቅ እናትም ልጆችም የሉም። እዚያው ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት ተደብቀው ነበር። ከዚያም ጆን በትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ በክረምቱ ብርድ፣ ባልቲሞር አደረሳቸው። ሐሪየት እዚያ ትጠብቃቸው ነበር። ዛሬ ያለው ፍርድ ቤት ከዚያ በኋላ የተሠራ ቢሆንም ቦታው ያው ነው። ከደረጃው ቆመን ውኃውን ስናይ፣ እኛ ቡና እየጠጣን የመጣንበት መንገድ መሆኑ ገባን።

ዮርክታውን ላይ በ1781 የእንግሊዝ ጦር እጁን የሰጠበትን ሜዳ ጎብኝተን አለፍን። ወደ ኖርፎክ ስንቃረብ ግን ሁላችንም ከመርከቡ ፊት ወጣን። በቀኝ በኩል ፖይንት ኮምፈርት ይታያል። በኦገስት 1619 መጨረሻ ከአንጎላ ምድር የተወሰዱ ሃያ ከምናምን አፍሪካውያን በእንግሊዝ ቨርጂኒያ መጀመሪያ የወረዱት እዚህ ነው። በዚያው ዓመት ከደረሱት ውስጥ አንጄላ የምትባል ሴት በጄምስታውን የሕዝብ ቆጠራ ላይ ስሟ ተመዝግቧል። ከአገሯ ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር ግን አልተጻፈም።

በዚሁ ቦታ ፎርት ሞንሮ የተባለው ምሽግ ተሠራ። በሜይ 1861 ሦስት ሰዎች ከባርነት አምልጠው ወደ ምሽጉ ገቡ፤ አዛዡም አልመልስም አለ። ይህ ሲሰማ ብዙ ሺህ ሰው ተከተላቸው። በዚያው መስከረም ሜሪ ፒክ የምትባል ልብስ ሰፊ ከዛፍ ጥላ ሥር ልጆቻቸውን ማስተማር ጀመረች። ሕጉ በሚከለክልበት ዘመን በድብቅ ስታስተምር የቆየች ናት፤ ከዚያም አስቀድማ ድሆችንና ሕሙማንን የሚረዳ የሴቶች ማህበር አቋቁማለች። ዛፉ ዛሬም በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቆሟል። እሷ ግን በሳንባ ነቀርሳ ታማ በ1862 መጀመሪያ አረፈች።

የመጨረሻው ቀን በጄምስ ወንዝ ላይ ያለችው ሪችመንድ ነበር። በጃክሰን ዋርድ ሠፈር የማጊ ዎከርን ቤት ጎበኘን፤ ዛሬ የመንግሥት ታሪካዊ ቅርስ ነው። ማጊ በ1864 ተወለደች። እናቷ ባሏ ከሞተ በኋላ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻት፤ ያጠበችውን ለባለቤቱ የምታደርሰው ማጊ ነበረች። በወጣትነቷ የቅዱስ ሉቃስ ማህበር አባል ሆነች። ይህ ማህበር ምን እንደሚሠራ ሲነገረን እርስ በርሳችን ተያየን። አባላቱ በየጊዜው ትንሽ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አባል ሲታመም ይረዳሉ፣ ሲሞት ይቀብራሉ። “ይሄማ የእኛው እድር ነው” አሉ አንዷ እናታችን። ማህበሩን በ1867 የመሠረተችው ሜሪ ፕራውት የምትባል አስተማሪ ናት፤ መጀመሪያም የሴቶች ማህበር ነበር። የተመሠረተውም ባልቲሞር፣ ጉዞአችንን በጀመርንበት ከተማ ነው።

በ1899 ማጊ ዎከር የማህበሩን ኃላፊነት ስትረከብ ካዝናው ውስጥ የነበረው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ነው። በ1901 ለጉባኤው ያቀረበችው ሐሳብ፣ ቀባሪ ብቻ ሆነን አንቅር፣ ጋዜጣ፣ ሱቅና ባንክ ይኑረን የሚል ነበር። ጋዜጣው በ1902 ወጣ። ባንኩ ኖቬምበር 2 ቀን 1903 ተከፈተ። በአሜሪካ ባንክ አቋቁማ በፕሬዚዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ልብስ አጣቢዎችና የቤት ሠራተኞች ከአንድ ዶላር በታች ይዘው መጥተው ደብተር አወጡ። ለልጆች የሳንቲም ማጠራቀሚያ ሣጥን ይታደል ነበር። በ1920 ገደማ በዚህ ባንክ ብድር ቤት የገዙ ጥቁር ቤተሰቦች ከ600 በላይ ነበሩ።

ሁሉም ግን አልሰመረም። በ1905 የተከፈተው ሱቅ በነጭ ነጋዴዎች ጫና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ባንኩም በቨርጂኒያ ሕግ ምክንያት ከማህበሩ ተለይቶ ራሱን ችሎ እንዲቆም ተደረገ። በሂሳብ ረገድ ይህ መለየት ሳይበጅ አልቀረም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ብዙ ባንኮች ሲዘጉ ይህኛው ከሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋህዶ አለፈ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ታማ ከሥራ ስትቀር የቤት ኪራይ አጥራት ወደ ማህበሩ መጣች። ደንባችን “ለሐዘን ብቻ” ስለሚል መለስናት። በኋላ ከየኪሳችን አዋጥተን ብንሰጣትም፣ ያን ቀን ያየነው ፊቷ እስከ ዛሬ ከፊታችን አልጠፋም። ብትሞት ኖሮ አስከሬኗን አገር ቤት ለመላክ የሚበቃ ገንዘብ ነበረን። በጉባኤው ብድር ይኑር ስንል፣ ታላላቆቻችን “የቀብር ገንዘብ ተበድሮ ቢጠፋ ማን ይቀብረናል?” ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ትክክል ነው። ሰው በባዕድ አገር ሲኖር ከሁሉ የሚፈራው ወገን ሳይኖረው መቀበርን ነው፤ እድራችንም የተቋቋመው በዚህ ፍርሃት ነው።

ከጉዞው የመጣነው በዚህ መልስ ነው፦ ሁለቱ ይለያዩ። የሐዘኑ ገንዘብ እንዳለ፣ ሳይነካ ይቀመጥ። ከእሱ ጎን፣ ፈቃደኛ የሆነች አባል በወር ከአምስት ዶላር ጀምሮ የምታስቀምጥበት፣ ለሕመምና ለኪራይ ለጊዜው የሚበደሩበት ሌላ ሂሳብ ይከፈት፤ ሂሳቡንም ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይመርምረው። ሐሳቡን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። የምትቃወሙም እንድትመጡ እንለምናለን፤ ሳትስማሙበት የሚከፈት ሂሳብ አንፈልግም።

ያቺ እህታችንም ከእኛ ጋር በመርከቡ ላይ ነበረች። ይህንን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት አንብባው ፈቅዳልናለች።