ካሜራው በማን እጅ ነው?

የእስራኤል ሲኒማ ሲባል ብዙዎቻችን ጦርነትና ድንበር ነው የሚታየን። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ስም የፊልም ፌስቲቫል ሲያሰናዱ ግን ከሚመርጧቸው ፊልሞች መካከል አማርኛ የሚነገርበት ሊገኝ ይችላል። እንዲያውም አንጋፋው ደበበ እሸቱ በመሪ ተዋናይነት የሠራበት አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ያን ጊዜ ካሜራው የጋዜጠኛ ነበር። ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሰዎች ከአውሮፕላን ሲወርዱ ዓለም አየ። እነሱስ ምን አዩ? ብሎ የጠየቀ ብዙም አልነበረም።

መልሱ 17 ዓመት ፈጀ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው።) በ2008 ሽሙኤል ቤሩ «ዘሩባቤል»ን ሠራ። አባትየው መንገድ ጠራጊ ነው፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ራሱን በአሜሪካዊው ዳይሬክተር በስፓይክ ሊ ስም እየጠራ ሰፈሩን በካሜራ ይቀርጻል። በ2014 የባዚ ጌቴ «ቀያይ ቅጠሎች» መጣ። ደበበ የሚጫወተው ሚስቱ የሞተችበትን፣ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት የሚዞርን ኩሩ ሽማግሌ ነው። ሼክስፒርን ላነበበ ሰው ንጉሥ ሊር በጋቢ መምጣቱ አይጠፋውም፤ ዳይሬክተሩም መነሻው ይኸው መሆኑን አልደበቀም። በ2018 ደግሞ ዓለምወርቅ ዴቪድያን «የበለስ ዛፍ»ን አቀረበች፤ እኔ «ሾላ» ብለው ደስ ይለኛል። በደርግ መጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ወጣት ክርስቲያን ወዳጇን ከአፈሳ ልታድን ስትፍጨረጨር ያሳያል። አፈሳን የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን ታሪክ ከቴል አቪቭ ዞሮ ሲመጣ ማየታችን ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በራሱ ጊዜ አይደለም። የፊልም ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1999 የወጣ የሲኒማ ሕግ ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ነበር። የደቡብ ኦሞን ነገር እንዳነሣ ያደረገኝም ይኸው ነው። በካሜራ ብዛት ከሆነ እዚያ ካሜራ ጠፍቶ አያውቅምና።

በ1974፣ አዲስ አበባ በአብዮት ስትናጥ፣ ስለዚያ ምድር ሁለት ፊልሞች ወጡ። አንዱ የሃርቫርዱ ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር የሠራው «የአሸዋ ወንዞች» ነው፤ ሌላው ሌስሊ ውድኸድ ከአንትሮፖሎጂስቱ ከዴቪድ ተርተን ጋር ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሠራው «ሙርሲ»። ጋርድነር ምስል ያውቅበታል፤ ውበቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከ1970 ጀምሮ ሐመር ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ጂን ላይዳልና ኢቮ ሽትሬከር ፊልሙን አጥብቀው ተቹት። ላይዳል በኋላ በቢቢሲ ተከታታይ ፊልሞች፣ በ2001 ደግሞ ከልጇ ከካይራ ጋር በሠራችው «የዱካ ጭንቀት»፣ የሐመር ሴቶችን አስቀምጣ አናገረቻቸው። ዱካ ባሏ ሁለተኛ ሚስት ያመጣባት ሴት ናት። ትቀልዳለች፣ ትናደዳለች፣ ትታዘባለች። ለእኔ ከአሸዋው ወንዝ ሁሉ የእሷ ወግ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ «የውጭ ሰው አይቅረጽ» የሚል ሙግት የለኝም። ተርተንና ውድኸድም በ1974 አንዴ መጥተው አልቀሩም፤ በ1982፣ በ1985፣ በ1991 የወጡ ፊልሞች አሏቸው። ችግሩ ፎቶ አንስቶ፣ ብሩን ከፍሎ፣ መኪናውን አስነስቶ የሚሄደው ነው። ተርተን በ2004 ስለ ከንፈር ሸክላና ስለ ቱሪስት ካሜራ ሲጽፍ የታዘበው ይህንኑ ግብይት ነበር። ቋንቋችንም ነገሩን አያቀለውም፦ ፎቶ «እናነሳለን»፤ ፊልም «እንቀርጻለን»፣ ድንጋይ በምንቀርጽበት ቃል። ያነሱትን የሚመልስ፣ የተቀረጸውን ለባለቤቱ የሚያሳይ ግን ስንት ነው?

በ2009 አንድ ሙርሲ ካሜራውን ራሱ ያዘ። ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ከቤን ያንግ ጋር ያወጣው ፊልም የእንግሊዝኛ ርዕስ ሁለት ፍች አለው፤ እንግሊዝኛው ለጥይት መተኮስም ለፊልም መቅረጽም አንድ ግስ ነውና። በክላሽ መካከል ካሜራ ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይገኝም።

ፊልም አገር ቤት ሲታይ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ለእንግሊዞች የሠራውን ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ደርግ ያደረገው ለራሱ ነው፣ ግድ የለም፤ የፊልሙን ጉልበት ግን ተረድቶታል።

ጂንካ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከኮረብታው ላይ ደግሞ በሽትሬከር ጥረት የተቋቋመ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል። አንድ ሳምንት፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፕሮጀክተር ነው የሚያስፈልገው፤ የሐመርኛውንና የሙርሲኛውን ንግግር የሚተረጉሙት ልጆች ደግሞ እዚያው አሉ። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ይጠሩ፤ «ይኼ ውሸት ነው»፣ «ይኼ አጎቴ ነው» ይበሉ። የእነሱ ክርክር ራሱ ተቀርጾ ይቀመጥ።

ጊዜውም አይጠብቅም። ውድኸድና ተርተን ሲቀርጹ ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ይጎድል ነበር፤ ሙርሲዎችም ውኃው ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። የጊቤ 3 ግድብ በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ ሙላት ቀርቷል። በዚያ ዓመት የተወለደ የሙርሲ ልጅ ዛሬ ከብት ያግዳል፤ አያቱ ስለ ሙላቱ ሲያወሩ ይሰማል እንጂ ወንዙ ከዳር ዳር ሲሞላ አይቶ አያውቅም።