የልደት ተረት በፊልምና የተመልካች ፍርድ

የበዓል ታሪክ እንደ ሌላው ታሪክ አይደለም። ሌላውን ታሪክ አንድ ጊዜ ሰምተን ብንረሳው የሚወቅሰን የለም፤ የበዓል ታሪክ ግን በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ስለሚመለስ፣ በልጅነቱ የሰማው ሰው በሽምግልናውም ያንኑ መስማት ይሻል። ከዚህ የተነሣ የበዓልን ታሪክ በአዲስ መልክ ለመንገር በሚነሣ ደራሲ ፊት ሁል ጊዜ ሁለት ዳኞች ይቀመጣሉ። አንደኛው፣ «የቀድሞውን ለምን ነካህብን?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «የቀድሞውንማ እናውቀዋለን፤ አንተ ምን አመጣህ?» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ደስ ማሰኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ በውጭው ዓለም የልደት በዓል ተረት ከሆኑት አንዱ በሰው ተዋንያን ፊልም ሆኖ በቀረበ ጊዜ ተመልካቾች የሰጡትን ፍርድ ነው። ፊልሙ «ነትክራከርና አራቱ ግዛቶች» የሚባለው ሲሆን፣ የአሜሪካው የዲዝኒ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየው። ይህን የምንጽፈው በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በጉንደ ወይን ሆነን ስለሆነ፣ አንባቢ፣ «የጀርመን ተረትና የአሜሪካ ፊልም ለጉንደ ወይን ምኗ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው፤ ፊልሙ ዛሬ በእጅ ስልክ ከየቤቱ ይገባል፤ መምህራንም በገና ሰሞን ተማሪዎችን ትርኢት ያሠራሉ፤ ሹማምንትም ያንን ትርኢት ተቀምጠው ያያሉ፤ ይፈርዳሉም። ስለዚህ የተመልካች ፍርድ እንዴት እንደሚያለማና እንዴት እንደሚያጠፋ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ነትክራከር ማለት ለውዝና የመሰለውን ጠንካራ ፍሬ በመንጋጋው የሚሰብር፣ በወታደር አምሳል የተቀረጸ የእንጨት ዕቃ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ሆፍማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም. በጻፈው ተረት፣ ማሪ የምትባል አንዲት ልጅ በልደት ዋዜማ ይህን የእንጨት ወታደር ታገኛለች፤ ሌሊት ወታደሩ ነፍስ ዘርቶ ሰባት ራስ ካለው ከአይጦች ንጉሥ ጋር ይዋጋል። የሆፍማን ጽሑፍ ለልጅ ጨለም ያለ፣ ለዐዋቂም የተወሳሰበ ነበር። ከዚህም በኋላ በ1844 የፈረንሳዩ ደራሲ አሌክሳንድር ዱማ ተረቱን አለሳልሶ በራሱ አነጋገር ጻፈው። እንግዲህ ተረቱ ገና ከመነሻው በሁለት አፍ የተነገረ ነበር ማለት ነው።

የሩሲያው የሙዚቃ ሊቅ ቻይኮቭስኪ ሙዚቃውን የደረሰለት የዱማን አነጋገር መሠረት ላደረገ ባሌት ነው። ባሌት ያለ ንግግር፣ በውዝዋዜና በሙዚቃ ብቻ ታሪክ የሚነገርበት ቴአትር ነው። ይህም ባሌት በታኅሣሥ 1892 በፒተርስበርግ በማሪንስኪ ቴአትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቅ ባሌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ዳኞች የፈረዱት ሌላ ነበር። መድረኩ በልጆች ተሞላ ብለው አጉረመረሙ፤ ዋናይቱ ተወዛዋዥ የምትታየው ወደ መጨረሻው ነው ብለው ተከፉ፤ ከሆፍማንም ታሪክ ርቋል ሲሉ ነቀፉ። ቻይኮቭስኪ በሚከተለው ዓመት ሲሞት፣ ይህ ሥራው ምን ያህል እንደሚወደድ ሳያይ አለፈ።

ባሌቱን ያዳነው አዲስ ፍርድ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም መጽሐፉን አላቃጠለም፤ ስለዚህ ሌሎች እያነሡ ሞከሩት። በ1934 ለንደን ላይ፣ በ1944 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሙሉው ታየ። በ1954 ባላንሺን የተባለው የውዝዋዜ ሊቅ ኒው ዮርክ ላይ ካቀረበው ወዲህ፣ በአሜሪካ ከተሞች የልደት በዓል ያለ ነትክራከር የማይከበር እስኪመስል ድረስ ልማድ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን በ1892 «ተበላሸ» የተባለው ለውጥ፣ ከጊዜ በኋላ «ሊነካ የማይገባው የቀድሞው» ተብሎ ተቈጠረ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ይህንን ነው፤ በልደት ፊልሞች ላይ የተነሣው ሙግት ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነውና።

ከፊልሞቹ ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። በ2010 ኮንቻሎቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ የፊልም አዘጋጅ ተረቱን በሰው ተዋንያን ሲያቀርብ፣ አይጦቹን የፋሽስት ወታደር አስመስሎ ልብስ አለበሳቸው፤ የልጆችንም መጫወቻ እየሰበሰቡ በእሳት ሲያቃጥሉ አሳየ። 90 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ፊልም የወጪውን ሩብ እንኳ አላስገባም፤ ሐያስያንም ክፉኛ ነቀፉት። ፋሽስትን በዐይኑ ያየ እንደ እኛ ያለ ሕዝብ አሳቡን አይንቀውም። ዳሩ ግን ወላጅ ልጁን በበዓል ቀን ይዞ ሲገባ ያልጠበቀውን እሳትና ጢስ ቢያገኝ መደንገጡ አይፈረድበትም።

የ2018ቱ ፊልም ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። ክላራ የተባለች ልጅ እናቷ ሞታባታለች። እናቲቱ ማሪ ትባል ነበር፤ ይህም የሆፍማን ልጅ ስም መሆኑ ነው። በልደት ዋዜማ ከእናቷ የተተወላት ስጦታ በዕንቍላል አምሳል የተሠራ የተቈለፈ ሣጥን ነው፤ ቍልፉ ግን የለም። ክላራ ቍልፉን ፍለጋ ስትሄድ እናቷ ንግሥት ሆና ወደ ነገሠችባቸው አራት ግዛቶች ትደርሳለች፤ እዚያም ወዳጅ የመሰለችው ጠላት፣ ጠላት የመሰለችውም ወዳጅ ሆና ትገኛለች። ፊልሙን ላሴ ሃልስትሮምና ጆ ጆንስተን አዘጋጁት፤ ከ120 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ወጣበት፤ በዓለም ዙሪያ ያስገባውም 174 ሚሊዮን ያህል ነው። ከዚህ ላይ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲነሣ ኩባንያው ከሰረ እንጂ አላተረፈም።

የተመልካቹ ፍርድ ግን ለሁለት ተከፈለ። በጋዜጣና በመጽሔት ከሚጽፉት ሐያስያን ፊልሙን በጎ ያሉት ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ከሲኒማ ቤት የሚወጣውን ሰው በር ላይ እየጠየቀ ማርክ የሚመዘግበው ሲኒማስኮር ግን «ቢ ፕላስ» አገኘለት፤ ይህም መልካም የሚባል ማርክ ነው። ሐያስያኑ፣ «ልብሱና ቤተ መንግሥቱ ያምራል፤ ታሪኩ ግን ባዶ ነው፤ ውዝዋዜውም ተቈርሶ ጥቂት ብቻ ቀረ» አሉ። ቤተሰቡን ይዞ የገባው ተመልካች ደግሞ ያየው ጌጥና እናቷን የምትናፍቅ ልጅ አርክቶት ወጣ። ማናቸው ትክክል ናቸው?

ይህን ከመመለሳችን በፊት ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም የልደትን ታሪክ በሰው ተዋናይ የማሳየት ልማድ አለን፤ ስሙም ከበዓሉ ስም ጋር አንድ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፣ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በበትራቸው እየመቱ ተጫወቱ፤ የገና ጨዋታም የዚያ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ በጎጃም ደጋ መስክ ላይ ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው በቈልማማ በትር ጥንግ ሲመቱ፣ ቃል የሌለውን የእረኞች ደስታ በሥጋ መልሰው ያሳያሉ ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ላይ አንድ ትልቅ የተመልካች ሕግ አለ። በዚያን ቀን ባለ ሥልጣንም ሆነ ባለ ጸጋ ቢሰደብ፣ ቢቀለድበትም አይቈጣም፤ ቢቈጣ ይሳቅበታል። ጨዋታን እንደ ጨዋታ የመቀበል ጨዋነት እንግዲህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ የአገር ነው።

ነገር ግን ይህን ጨዋነት ከሜዳ ወደ አዳራሽ ማሸጋገር ቀላል አልሆነም። በአዲስ አበባ መጀመሪያ ከተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህ የሕዝብ ፍርድ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማንንም አልጐዳም፤ ስሙን ያወጣውም ሕዝብ ከጊዜ በኋላ ፊልም ተመልካች ሆኗል። የከበደው የባለ ሥልጣን ፍርድ ነው። ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ነትክራከር መድረክ ላይ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው በዚያ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ቴአትር ምን እንደሆነ በዚያ ስላዩ፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ደርሰው አሳዩ። ተረቱም የራሳቸው ፈጠራ ብቻ አልነበረም፤ የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን የአራዊት ተረት ለአገራቸው እንዲስማማ አድርገው መልሰው የነገሩት ነው። ከተመለከቱት መኳንንት ግን በአራዊቱ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ነበሩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መጽሐፉ እንዲሰበሰብ፣ ቴአትርም እንዳይታይ ተከለከለ። እስከ 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል መድረኩ ዝም አለ።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በፒተርስበርግ የተነቀፈው ሥራ ተነቀፈ እንጂ አልተዘጋም፤ ስለዚህ በስልሳ ዓመት ውስጥ የበዓል ጌጥ ሆነ። በአዲስ አበባ የተነቀፈው ግን ተዘጋ፤ ከእርሱም ጋር ሊጻፉ ይችሉ የነበሩት ሌሎች ቴአትሮች ሳይወለዱ ቀሩ። ለገና በትር የማይቈጣ ሹም ለፋቡላ ተቈጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሜዳው ጨዋታ እርሱም ሕጉን ያውቃል፤ በአዲሱ መድረክ ግን ሕጉን የነገረው አልነበረም።

ሕጉ ሳይኖረን ቀርቶ ነውን? አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ፣ በጉንደ ወይን አልፎ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ የሚያቋርጠው አገር የቅኔ አገር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ የታወቁት በዚህ ነው። በቅኔ ቤት ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ የሰው ቅኔ ወስዶ የኔ ነው ማለትም ነውር ነው። የልደት በዓል በየዓመቱ ሲመጣ ታሪኩ ያው ነው፤ ቤተ ልሔም፣ ግርግሙ፣ እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገል። ባለቅኔው ግን በየዓመቱ አዲስ ሰም ፈልጎ ያንኑ ወርቅ ያለብሰዋል፤ ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይሁን ባለ ስምንት ቤት መወድስ፣ ሕጉ አንድ ነው። ሰሚውም «ያለፈው ዓመት ይሻል ነበር» በማለት ብቻ አይፈርድም። መጀመሪያ ሰሙን ያደምጣል፤ ቀጥሎ «ወርቁ የት አለ?» ብሎ ይመረምራል፤ ሰሙና ወርቁ ሲገጥሙለት «ይበል!» ይላል። ያልገጠመለት እንደሆነም መምህሩ ቤት አይዘጋም፤ ቅኔውን ያርማል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ይህንኑ የቅኔ ጥበብ ይዘው አዲስ አበባ በመሄድ፣ በትምህርት ቤት እያስተማሩ ቴአትር የደረሱ ናቸው። ቅኔ ቤትና መድረክ ባዕዳን አለመሆናቸውን በሥራቸው አስመስክረዋል።

በዚህ ሚዛን የ2018ቱን ፊልም ብንመዝነው፣ ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ክላራ ቍልፉን አግኝታ ሣጥኑን ስትከፍት በውስጡ መስተዋት ታገኛለች፤ የምትሻውን ኀይል በራሷ ውስጥ እንድትፈልግ እናቷ የተወችላት ቃል ይህ ነው። ይህ ወርቅ ነው፤ ከሲኒማ ቤት በር ላይ መልካም ማርክ የሰጠው ተመልካችም ይህን አይቷል። ሆኖም ሰሙ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ወታደሩና ቤተ መንግሥቱ፣ ማሽኑና ጦርነቱ ተደራርበው ወርቁን ሸፈኑት፤ ሐያስያኑ ያዘኑትም በዚህ ነው። የኮንቻሎቭስኪ ፊልም ጥፋት ደግሞ ሌላ ነው፤ ወርቁ ከባድና እውነተኛ ሲሆን፣ ለበዓልና ለልጅ የማይስማማ ሰም አለበሰው። «ከቀድሞው ተለየ» የሚለውን ነቀፌታ ግን ብቻውን እንደ ፍርድ ልንቀበለው አይገባም። የ1892ቱም ባሌት በዚሁ ቃል ተነቅፎ ነበርና።

ስለዚህ ለመምህራንና በየመሥሪያ ቤቱ ላሉ ባልደረቦቻችን የምናሳስበው ነገር አለ። ተማሪዎች በገና ሰሞን የልደትን ታሪክ በራሳቸው መንገድ ሲያቀርቡ፣ እረኛውን በካፖርትና በበርኖስ ሲያለብሱት፣ ወይም ሄሮድስን የዛሬ ጨቋኝ አስመስለው ሲያመጡት፣ ማን ተነካ ብለን ከመመርመራችን በፊት ወርቁ የት አለ ብለን እንጠይቅ። የሌለ እንደሆነ እንደ ቅኔ መምህር እናርማቸው፤ በሚመጣውም ዓመት ደግመው እንዲያሳዩን እንንገራቸው። በፋቡላ ላይ የተፈረደው ፍርድ የወሰደብንን ዐሥር ዓመት የሚመልስልን የለም፤ እንዳይደገም ማድረግ ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠን በምናየው በእኛ እጅ ነው።