እድፍ ማስለቀቅ፦ በላቫጆና በፖሊሽ መካከል የተዘለለው ሥራ

ዲኮንታሚኔሽን የሚለው የባዕድ ቃል ስለ መኪና ቀለም ሲነሳ፣ ውኃና ሳሙና የማያነሱትን፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ወይም ሰርጎ የቀረውን ነገር ቀለሙን ሳይፍቁ ማውጣት ማለት ነው። እዚህ «እድፍ ማስለቀቅ» ብዬዋለሁ። «ብክለት ማስወገድ» የሚለው በጤና ተቋማትና በቤተ ሙከራዎች የተለመደ ቢሆንም ሐሳብን ወደ መርዝና ወደ ተህዋስያን ይወስዳል። የእኛ ጉዳይ ግን እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ «አልለቅ አለ» የሚሉት ዓይነት እድፍ ነው።

ሥራው በሰንበቴና በከሚሴ መንገድ ለሚመላለስ መኪና ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል። እነዚህ ከተሞች የሚገኙበት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጣሊያኖች የቆፈሩትን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ቁልቁለት ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ ነው። ጭነት የያዘ አይሱዙም ሆነ ሲኖትራክ በማርሽ ቢይዝም ፍሬን ሳይረግጥ አይወርደውም። የፍሬን ሸራው ታምቡሩን ወይም ዲስኩን በፈተገው ቁጥር በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ይወጣል። ትኩስ እንደሆነ ይበርና በራሱም ሆነ ከኋላው በሚመጣው መኪና አካል ላይ ያርፋል፤ ቀለሙ ላይም ይተከላል። በኋላ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ነጭ መኪና ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው ይኸው ነው። ብዙ ባለመኪና ላሜራው የዛገ መስሎት ወደ ባትላሜራ ወይም ወደ ቀለም ቀቢ ይሮጣል። የዛገው ግን መኪናው ላይ ያረፈው ብናኝ እንጂ መኪናው አይደለም።

ቆላው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ፀሐይ አስፋልቱን ስታግለው ሬንጁ ከጎማ ጋር ተነስቶ ፓራፋንጎውንና የበሩን ታችኛ ክፍል ጥቁር በጥቁር ያደርገዋል። ከከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ረግረግ ወፍም ነፍሳትም የማይጠፉበት ነው፤ ማታ የሚነዳ ሰው ኮፈኑና መስታወቱ በነፍሳት ተለጥፎ ይገባል። የወፍ ኩስና የተጨፈለቀ ነፍሳት ሁለቱም አሲድነት አላቸው። ቀለሙ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፤ በላዩ የደረቀው ኩስ በቆየ ቁጥር ቅርጹን ቀለሙ ላይ ትቶ ይሄዳል። የእሑድ ገበያ ዕለት ሰንበቴ ዳር ቆሞ የዋለ መኪና ደግሞ ከብቱና ሰዉ ያስነሳውን አቧራ ለብሶ ነው የሚመለሰው።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መወልወል ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ልማድ ነው። አቧራው ውስጥ ያለው አሸዋ ከቀለሙ የላይኛ ሽፋን ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ እያንዳንዱ ውልወላ ጭረት ይተዋል። ባለመኪናው ጭረቱ ሲበዛበት ወደ ፖሊሽ ይሄዳል። ፖሊሽ ግን ቀለም የሚፍቅ ሥራ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከነአስታሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ክሊር የሚባለው አንጸባራቂው የላይኛ ሽፋን ከዚያ ውስጥ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ይይዛል፤ ይህ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። የብረት ብናኝ ሳይለቅ ፖሊሽ ሲደረግ ደግሞ ብናኙ በስፖንጁ ሥር እየተሽከረከረ አዲስ ጭረት ያወጣል። የታጠበ መኪና ቀጥታ ፖሊሽ ውስጥ መግባት የለበትም የምለው ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። መኪና መቀየር ስለከበደ እጃችን ላይ ያለው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቀለሙም አብሮት መዝለቅ አለበት።

እድፍ የማስለቀቁ ሥራ በግቢ ውስጥ ይሠራል። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ኮፈኑ ሲነካ መቀዝቀዝ አለበት፤ በቆላ ከሆነ ማለዳ ይሻላል። መጀመሪያ በብዙ ውኃ አሸዋውን ማውረድ፣ ቀጥሎ ለመኪና በተሠራ ሳሙና ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ማጠብ ነው። ሁለት ባልዲ ይያዝ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ገፎ ስለሚያወጣ አልመክረውም።

ከታጠበ በኋላ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ቀለሙን ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። ባዶ እጅ ያላወቀውን ሸካራነት ፌስታሉ ያሳውቃል። ለስላሳ ከሆነ ሥራው እዚያው አለቀ። የሚቆረቁር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሬንጅ፣ ብረት፣ ከዚያ ሌላው ነው።

ሬንጅ በራሱ ማስለቀቂያ ይወጣል። ካልተገኘ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርጎ ነጥቡን ብቻ ማራስ፣ ሲሟሟ መጥረግና ወዲያው በሳሙና ማጠብ ይቻላል፤ እሳትም ሲጋራም በአካባቢው አይኑር። ቲነር ግን ፈጽሞ አይነካ። በተለይ ጋራዥ ውስጥ በናይትሮ ቀለም ድጋሚ የተቀባ መኪና ከሆነ ቲነሩ ከሬንጁ ጋር ቀለሙንም ይዞት ይመጣል።

ለብረት ብናኙ የሚረጭ ፈሳሽ አለ። ብዙዎቹ የታዮግላይኮሌት ጨው ያለባቸው ናቸው፤ ፀጉር ለመጠቅለል የሚውለው ኬሚካል የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሽታው የሚከብደውም በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት ነው። ብረት ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ከጣርማ በር ከወረደ መኪና ጎን ላይ ሐምራዊ እንባ ሲንጠባጠብ ማየት ስለ ፍሬን ብናኙ የሚጠራጠረውን ሁሉ ያሳምናል። ጓንት ይደረግ፣ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ አይቆይ፣ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ይታጠብ። እጣቢው ወደ ወንዝ ወይም ከብት ወደሚጠጣበት ቦይ እንዳይወርድ መኪናውን የሚያቆሙበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

የቀረውን የሚያነሳው ክሌይ ባር ነው፤ በእጅ የሚድበለበል፣ በውስጡ እጅግ የላመ መፈተጊያ ያለበት ሰው ሠራሽ ሸክላ። ጃፓናዊው ታዳኦ ኮዳቴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ቀለሙን በሳሙናማ ውኃ አርጥቦ፣ ሸክላውን ጠፍጥፎ፣ ሳይጫኑ ወደፊትና ወደኋላ ማንሸራተት ነው። መጀመሪያ ይይዛል፣ ያንጫጫል፤ እድፉ ሲለቅ ድምፁ ይጠፋል። ፊቱ ሲጠቁር አጥፎ ንጹሑን ማውጣት። መሬት ላይ ከወደቀ ግን መጣል ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም፤ የያዘው ጠጠር መኪናውን ያርሰዋል። ዋጋው ስለሚያስቆጭ ከመጀመሪያውኑ ለሁለት ቆርጦ በግማሹ መሥራት ብልህነት ነው።

በመጨረሻ ሰም ይቀባ። ማስለቀቂያው የነበረውን ሰም አብሮ ስለሚያነሳ ቀለሙ በዚያች ሰዓት ራቁቱን ነው፤ ሳይቀቡ ማደር ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል ባይ ነኝ፤ አንዱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌላው በበጋው አጋማሽ። በመካከሉ የወፍ ኩስ ሲያርፍበት በረጠበ ጨርቅ አላልሶ በዕለቱ ማንሳት ነው።