ኬንያን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ፦ በየት በኩል ይጀመር?

ሞያሌ ላይ ሱቅ ያለንም፣ በናይሮቢና በአዲስ አበባ መካከል ዕቃ የምናመላልስም አንድ ጥያቄ ሳይቀርብልን የሚያልፍ ወር የለም። «ቤተሰቤን ይዤ ኬንያን ላሳያቸው ነው፤ ገንዘቤ ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛውን ክፍል ላሳያቸው?» ለዓመታት መልሳችን አንድ ነበር፦ ናይሮቢ። ለምን ቢሉ እኛ የምናውቀው እሱን ስለሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር ናይሮቢንም አናውቀውም ነበር፤ የምናውቀው ኢስሊን ነው። ከአውቶቡስ ወርደን ኢስሊ፣ ከኢስሊ መጋዘን፣ ከመጋዘን ሐበሻ ምግብ ቤት፣ ከዚያ ተመልሰን ወደ ሞያሌ። እንዲህ አሥር ጊዜ ተመላልሰን «ኬንያን እናውቃለን» እንል ነበር።

መልሳችንን ያስቀየረን አንድ ባልደረባችን እናቱን ይዞ ሊሄድ ሲነሳ የተፈጠረው ክርክር ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን። አስቀድሞ ግን ምርጫው ለምን ቀላል እንዳልሆነ ከታሪኩ እንነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ኬንያ የምንለው አገር ከተለያየ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ወደ ውስጥ 10 ማይል ድረስ ያለው መሬት በሕግ የዛንዚባር ሱልጣን ነበር። እንግሊዞች ከ1895 ጀምሮ ለሱልጣኑ ኪራይ እየከፈሉ ያስተዳድሩት ነበር እንጂ የራሳቸው አልነበረም። መሬቱ ለኬንያ የተለቀቀው በ1963 በነፃነት ዋዜማ ነው። ምዕራቡ፣ ማለትም የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር አገር፣ እስከ 1902 ድረስ በዩጋንዳ ሥር ነበር። መካከሉን ደግሞ የሠራው ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1896 ከሞምባሳ ተነስቶ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ፤ በ1901 ሐይቁ ዳር ገባ። ለሥራው ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ በመርከብ መጡ። ናይሮቢ ያኔ ማሳዮች ከብት የሚያጠጡበት ረግረግ ነበር፤ ስሙም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ባቡሩ ባያርፍበት ኖሮ ከተማ ባልሆነም ነበር። ድሬዳዋን ለሚያውቅ ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም፤ ድሬዳዋም በ1902 ከባቡር ተወለደች፣ ናይሮቢ በሦስት ዓመት ታላቋ ናት። የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ የተዛወረው በ1905 ነው።

አራተኛው ጨርቅ ሰሜኑ ነው፤ ለኛ ቅርቡ እሱ ቢሆንም ሁልጊዜ ተኝተን የምናልፈው እሱኑ ነው። በምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል ድንበሩ በ1907 ስምምነት ከተሠመረ በኋላ እንግሊዞች ሰሜኑን እንደ ቆላ አጥር ያዩት ነበር። የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው እንደልቡ አይገባም፣ አይወጣም። ነፃነት በታኅሣሥ 1963 ሲመጣ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል ፈለጉ፤ ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቀጥሎ የመጣውን ውጊያ ኬንያውያን እስከ ዛሬ «የሽፍታ ጦርነት» ይሉታል። አዎ፣ ቃሉ የራሳችን ነው። ከኛ ወደ እነሱ ከተሻገረው ሸቀጥ ሁሉ ይህ ቃል ባይሻገር ደስ ይለን ነበር፤ ምክንያቱም ውጊያው በ1967 ቢያበቃም ሰሜኑን የሚመለከቱት ልዩ ሕጎች እስከ 1991 ድረስ አልተነሱም።

በዚህ ላይ መንግሥት በ1965 ባወጣው ታዋቂ የኢኮኖሚ ሰነድ ገንዘቡ ቶሎ ትርፍ በሚሰጥበት ቦታ እንዲውል ወሰነ። ይህ ማለት ዝናብና ሐዲድ ያለበት ደጋ ማለት ነው። እኛ ነጋዴዎች ይህን ሒሳብ እንረዳዋለን፤ ሱቃችን ውስጥ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ነገር ግን አገር ሱቅ አይደለም፤ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሃምሳ ዓመት ያለ አስፋልት የቆየው በዚህ ሒሳብ ነው። ከመካከላችን አንጋፋዎቹ በጭነት መኪና ላይ ከፍየልና ከከብት ጋር ተጭነው ቀናት የፈጀባቸውን ጉዞ ዛሬም በጀርባቸው ያስታውሱታል። አሁን ግን መንገዱ ጥቁር አስፋልት ነው፤ ሁለቱ አገሮች ተሳፋሪን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስተናግዱበት የሞያሌ ኬላም በ2020 ተመርቋል።

አሁን ወደ ባልደረባችን እናት እንመለስ። እማማ ሰማንያ ዓመት ተጠግተዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ሁለተኛ ጉዞ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ አፍ አውጥተን ባንናገረውም። ግማሻችን «ናይሮቢ ሐኪምም አለ፣ የአገር ሰውም አለ» አልን። ግማሻችን «ባሕር ሳያዩ!» ብለን ሞምባሳን ያዝን። እማማ ሁላችንንም ሰምተው ቡናቸውን ከጨረሱ በኋላ «ታቬታ የሚባለው አገር የት ነው ልጆቼ?» አሉ። ከመካከላችን ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሾፌር ብቻ ነበር።

አባታቸው በደቡብ ጦር ውስጥ ወታደር ነበሩ። ራስ ደስታ ዳምጠው በ1937 መጀመሪያ ተይዘው በጣልያን ከተገደሉ በኋላ ከተበተነው ሠራዊትና ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠረው ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ ገባ። እንግሊዞች ትጥቁን አስፈትተው ኢሲዮሎ ላይ በካምፕ አስቀመጡት፤ ከጣልያን ጦር የከዱ ኤርትራውያንም እዚያው ነበሩ። በኋላ ስደተኞቹን ወደ ደቡብ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ ወዳለችው ታቬታ ወሰዷቸው። እንግሊዞች ከጣልያን ጋር ሰላም እስካሉ ድረስ እነዚህ ሰዎች የማይፈለጉ እንግዶች ነበሩ። በጁን 1940 ጣልያን ጦርነት ስታውጅ ግን እነዚያው ሰዎች ወዲያው ተፈላጊ ሆኑ። በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች የተመለመለው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በሱዳን በኩል ጎጃም ገብቶ በማርች 1941 በቡሬና በደምበጫ መካከል ቻራቃ ወንዝ ላይ ከጣልያን ጦር ጋር ከባድ ውጊያ አደረገ። የእማማ አባት በዚያ ሻለቃ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ በቤተሰቡ የሚያስታውስ የለም። ከአፋቸው የቀረው ቃል «ታቬታ» ብቻ ነው፤ ሙዝ ሲበሉ ይጠሩት ነበር ይባላል።

ስለዚህ ጉዞው በታሪኩ መንገድ ሆነ። በሞያሌ በቀን ገቡ። ለሁላችሁም የምንመክረው ይህን ነው፤ በሌሊት አውቶቡስ ከሄዳችሁ የቱርቢን ሜዳ፣ በመካከሉ እንደ ደሴት ብቅ የሚለውን የማርሳቢትን ደን ሳታዩ ኢሲዮሎ ትነቃላችሁ። ናይሮቢ ላይ ሁለት ቀን አረፉ፤ በቂ ነው። ለነገሩ ሦስተኛ ቀንም ተጨመረ፦ የአውቶቡሱ ትኬት ላይ «9:00» የሚለውን ባልደረባችን በኛ ሰዓት አንብቦ እናቱንና ሻንጣውን ይዞ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መናኸሪያ ደረሰ። አውቶቡሱ ጠዋት ሄዷል። የሚያሳዝነው ደግሞ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሲያወራ ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይላል። ወረቀቱ ብቻ ነው በፈረንጅ የሚጻፈው። ትኬት ስትቆርጡ በአፍ ጠይቁ።

ከናይሮቢ ቮይ፣ ከቮይ ወደ ምዕራብ ታቬታ። የካምፑን ቦታ የሚያሳይ ምልክት አላገኙም። ያገኙት ሙዝ በጭነት የሚጫንበት ገበያ፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ከደመና በላይ ያለ ነጭ ራስ ነው። እማማ ተራራውን እያዩ ብዙ ቆዩ፤ ልጃቸውም ዝም አለ። «አባቴ ስለዚህ ተራራ አንድም ቀን አላወራም» አሉ በመጨረሻ፣ ቅር ባላቸው ድምፅ።

ጥያቄው ለሚቀርብልን ሁሉ ዛሬ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ከኬንያ ጋር የሚያገናኛችሁ የቤተሰብ ታሪክ ካለ እሱን አስቀድሙ። ከሌለና አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ፣ በሰሜኑ መንገድ ግቡና ቀኑን ለባሕሩ ዳር ስጡት እንጂ ኢስሊ ላይ አትጨርሱት። ሞምባሳ ላይ ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ የገነቡት የየሱስ ምሽግ አለ፤ ዑማኖች በ1698 ነጠቋቸው። ማሊንዲ ላይ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ደርሶ ነበር፤ ልጁ ክሪስቶፎሮ በእኛ አገር ለአፄ ገላውዴዎስ ሊዋጋ መጥቶ በ1542 እንደሞተ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ሰምተውታል። አባትና ልጁን በአንድ ጉዞ ማገናኘት ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው።

እማማም በመጨረሻ ባሕሩን አዩ። ሞምባሳ አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ካንጋ አንስተው ዋጋውን ጠየቁ። ሻጩ «ኤልፉ ሞጃ» አላቸው። እማማ እልፍ ብለው ሰሙ፤ በኛ እልፍ አሥር ሺህ ነው። ጨርቁን እንደ ፍም ለቀቁት፤ «አሥር ሺህ! ለዚህች?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጃቸው ሮጦ «እማ፣ አንድ ሺህ ነው የሚሉት» ቢላቸው ቆም አሉ። ከዚያም ተመልሰው በስድስት መቶ ገዙት።