ቁስል ቀን አይሰጥም፦ የቆዳ ንቅለ ተከላ ታሪክ ምን ያስተምራል?

ልጅ ምድጃ ላይ ሲወድቅ ወይም የፈላ ውኃ ሲደፋበት ሰፈርተኛው መድኃኒት አያጣም። አንዱ ሊጥ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዱ ማር ይዞ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ «ቀስ እያለ ይድናል» ይባላል። እውነትም ብዙው ቃጠሎ ይድናል። ጠልቆ የገባው ግን አይድንም፤ ይዘጋል እንጂ። መዳንና መዘጋት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት ዘመናዊው ሕክምና ራሱ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ስስ ቆዳ ሲላጥ፣ ከሥር በተረፉት የፀጉርና የላብ ዕጢ ሥሮች አማካይነት ራሱን ይተካል። እሳቱ እነዚህን ሥሮች ካጠፋ ግን አዲስ ቆዳ ሊመጣ የሚችለው ከቁስሉ ዳር ብቻ ነው። ዳሩ ሩቅ ሲሆን ሰውነት ሌላ ዘዴ ይጠቀማል፤ ቁስሉን ዙሪያውን ስቦ ያጠበዋል። ቁስሉ ክርን ላይ ከሆነ ክንድ ታጥፎ ይቀራል። አንገት ላይ ከሆነ አገጭ ወደ ደረት ይሳባል። መዳፍ ላይ ከሆነ ጣቶች ተጨብጠው ይቀራሉ። ቁስሉ ተዘግቷል፤ ሰውየው ግን አልዳነም።

ጉድለትን ከሌላ ቦታ በመጣ ቆዳ መሸፈን የአውሮፓ ፈጠራ አይደለም። በ1794 አንድ የለንደን መጽሔት የካዋስጂን ታሪክ አወጣ። ካዋስጂ ለእንግሊዝ ጦር በሬ የሚነዳ ሕንዳዊ ነበር፤ በቲፑ ሱልጣን ወታደሮች ተማርኮ አፍንጫውና አንድ እጁ ተቆረጡ። በፑኔ ከተማ አቅራቢያ ከጡብ ሠሪዎች ወገን የሆነ አንድ ሰው የግንባሩን ቆዳ ቀዶ፣ በቅንድቦቹ መካከል ሥሩን ሳይበጥስ ወደ ታች አዙሮ አዲስ አፍንጫ ሠራለት። ሙያው በሕንድ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ካርፕዩ ይህን ተከትሎ በአገሩ የሞከረው በ1814 ነበር።

የጡብ ሠሪው ቆዳ ግን ከሥሩ ስላልተለየ ደሙን ይዞ ነው የዞረው። ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ የተነሣ ቆዳ በሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል? በ1869 ዣክ ሉዊ ሬቨርዳን የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ መልሱን አገኘ። ከታካሚው ጤነኛ አካል ጥቃቅን የቆዳ ቅንጣቶች አንሥቶ በቀዩ ቁስል ላይ አስቀመጠ። ቅንጣቶቹ ያዙ፤ እንደ ደሴትም ሆነው ዙሪያቸውን ሰፉ። ቀጥሎ ጀርመናዊው ካርል ቲርሽ ቆዳን በስሱ ልጦ ሰፊውን ቁስል በአንድ ጊዜ መሸፈን እንደሚቻል አሳየ። ቆዳው የተላጠበት ጭንም ሥሮቹ ስለሚተርፉ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ይተካል።

የተነቀለው ቆዳ የሚኖረው በመሬቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል፤ ከዚያ የሁለቱ የደም ሥሮች ይገናኛሉ። ከሥሩ መግል ወይም ደም ከተጠራቀመ፣ ወይም ከቦታው ከተንሸራተተ ይሞታል። በተራቆተ አጥንት ላይም አይበቅልም። ማሳው ሳይዘጋጅ ዘር አይዘራም።

ቀጣዩ ጥያቄ የማን ቆዳ የሚለው ነበር። በ1898 ከኦምዱርማን ጦርነት በኋላ ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል ለቆሰለ ጓደኛው ከክንዱ ቆዳ ሰጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላም ቆዳው እዚያው እንዳለ በኩራት ጽፏል። የኋላው ሳይንስ ግን ይህን ለማመን ያስቸግራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፒተር ሜዳዋርና ቶም ጊብሰን ግላስጎው ውስጥ የተቃጠለች ሴት ሲያክሙ ከራሷና ከወንድሟ የተወሰደ ቆዳ ተከሉላት። የራሷ ያዘ፤ የወንድሟ ግን ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ሁለተኛ ጊዜ ሲተክሉላት ደግሞ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ጠፋ። ሰውነት ባዕዱን ያውቃል ማለት ነው፤ አንዴ ካወቀውም አይረሳውም። በ1954 ቦስተን ውስጥ ከመንታ ወንድም ወደ መንታ ወንድም ኩላሊት ከመዛወሩ በፊት ሐኪሞቹ በቅድሚያ የፈተኑት ቆዳቸውን ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል ለቆዳ ቃል በቃል ይሠራል፤ የሌላ ሰው ቆዳ ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ አይዘልቅም።

የመጨረሻው ትምህርት «መቼ?» የሚለው ነው፤ እሱም የመጣው ከታላላቅ ከተሞች አይደለም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ልማዱ የተቃጠለው ቆዳ በራሱ በስብሶ እስኪረግፍ ለሳምንታት መጠበቅ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ታካሚው በሥቃይ ይመነምናል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ብዙዎችም ይሞታሉ። በዩጎዝላቪያ፣ በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ ማሪቦር በምትባል ትንሽ ከተማ ትሠራ የነበረችው ዞራ ያንዤኮቪች ይህን ልማድ አልተቀበለችም። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል የሞተውን ቆዳ በስሱ፣ ደም ጠብ ጠብ እስኪል ድረስ እየላጠች፣ በዚያው ቀን በታካሚው በራሱ ቆዳ ትሸፍነው ጀመር። በ1970 ዘዴዋን ካሳተመች በኋላ የብዙ አገር ሐኪሞች ለመማር ወደ ማሪቦር ጎረፉ።

ኢትዮጵያ ልትመለከተው የሚገባው ይህን ምዕራፍ ነው። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፤ በሙያው የተካኑ ሐኪሞችም አሉ። ነገር ግን ምድጃው ያለው በየገጠሩ ነው። ክንዱ ከታጠፈ በኋላ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ልጅ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያው ሳምንት ያስፈልገው ከነበረው ይከብዳል፤ የተሳበውን ጠባሳ መፍታት፣ እንደገና መሸፈን፣ ለወራት ማፍታታት ይጠይቃል።

ለዚህ ሥራ ዋናው ዕቃ፣ ማለትም ቆዳው፣ በዶላር አይገዛም፤ ታካሚው ራሱ ይዞት ይመጣል። የሚጎድለው የሠለጠነ እጅ፣ ማደንዘዣ፣ ደምና ንጹሕ ክፍል ነው። እነዚህን በየዞኑ ሆስፒታል ማሟላት ቀላል ባይሆንም የማይቻል አይደለም፤ የማሪቦር ታሪክ ምስክር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የትኛው ቃጠሎ ቤት እንደማይቆይ ለይታ ብታውቅ ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው። ነጭ ወይም ጠቁሮ የደረቀ፣ ሲነካ የማያም፣ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ቃጠሎ ሊጥ አይፈልግም። ለሃያ ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ መኪና ነው የሚፈልገው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ሳይታጠፍ መድረስ አለ።